ተሳቢው ጎታቹን ሲመራ

አንድ ካሚዮን ከነተሳቢው መንገድ ዘግቶ ተጋደመ የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ከሁላችንም አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው። «ሹፌሩ ፍጥነት አብዝቶ ነው» እንላለን። እንዲህ የምንፈርደው ቡና ቤት የምንቀመጥ ተማሪዎችና ወጣት ሠራተኞች ብቻ አይደለንም፤ የአደጋውን መዝገብ የሚሞላውም ሰው ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከፍርዱ በኋላ የሞተው ይነሣል፣ ብረቱ ከመንገድ ይገፋል፣ የፈሰሰው ሲሚንቶ ወይም ዱቄት ተጠርጎ ይወሰዳል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያበቃል። በማግስቱ በዚያው መንገድ ሌላ ተሳቢ ያልፋል።

እኛ ይህ ፍርድ ሐሰት ነው ለማለት አልተነሣንም። ፍጥነት ገዳይ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ አጥንት የሚጠገንበት ሆስፒታል ሄዶ ይመልከት። ይሁን እንጂ «ፍጥነት አበዛ» ማለት ከምን አበዛ ማለት ነው? በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለአንዲት ትንሽ አውቶሞቢል እንደ ሽርሽር ይቆጠራል፤ ተሳቢ ለሚጎትት መኪና ግን የመጨረሻው ፍጥነት ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ፣ ትናንት በ80 በሰላም የሄደው ይኸው መኪና፣ ይኸው ተሳቢና ይኸው ሹፌር፣ ዛሬ ጭነቱ በሌላ አኳኋን ስለ ተደረደረ ብቻ በ65 ሊገለበጥ ይችላል። እንግዲህ ደኅናውንና አደገኛውን ፍጥነት የሚለየው ወሰን የሚሠራው ገና መኪናው ሳይነሣ፣ በመጫኛው ሜዳ ላይ ነው ማለት ነው። ወሰኑን የሚሠራው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ አይደለም።

ነገሩን ራቅ ካለ አገር እንጀምረው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከመኪና ኋላ የሚጎተት ቤት አለ። አልጋው፣ ምድጃው፣ የውሃ በርሜሉ ሁሉ በውስጡ ነው። ሰዎቹ ለዕረፍት ሲወጡ ቤታቸውን አስከትለው ይሄዳሉ፤ ደስ ባላቸው ሜዳ ላይ ያቆሙና ያድሩበታል። ይህ ዓይነቱ ቤት ለአገራችንም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 እና በ1960 ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ፣ ኤርስትሪም የተባለው የተሳቢ ቤት ፋብሪካ መሥራች፣ 41 ተሳቢ ቤቶች አሰልፎ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ አፍሪካን ሲያቋርጥ በኢትዮጵያ በኩል አልፎ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለዋቸዋል። እንደ መስተዋት የሚያብለጨልጩትን እነዚያን ቤቶች በልጅነቱ ያየ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋ ይሆናል።

ታዲያ እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን የሚጎትቱት በምን ያህል ፍጥነት ነው? በካሊፎርኒያ ተሳቢ የሚጎትት ሁሉ በሰዓት ከ55 ማይል፣ ይኸውም ከ88 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ሕጉ ያዝዛል። በብሪታንያ ሰፊው አውራ ጎዳና ላይ የሚፈቀደው 60 ማይል ማለትም ወደ 96 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ መኻሉ ባልተከፈለ ተራ መንገድ ላይ 50 ማይል ወይም 80 ኪሎ ሜትር ነው። ከሁሉ የሚደንቀው የጀርመኖቹ ነው። ጀርመኖች በብዙው የአውራ ጎዳናቸው ክፍል ላይ ለትንሽ መኪና የፍጥነት ወሰን የላቸውም፤ ባለመኪናው ሞተሩ እስከ ቻለ ድረስ ቢነዳ የሚቀጣው የለም። ያው ሰው በያው መኪና ተሳቢ ሲያስከትል ግን ወሰኑ 80 ኪሎ ሜትር ነው። 100 ለመንዳት የሚፈልግ ተሳቢውን አስመርምሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ለዚህም ከሚጠየቀው አንዱ የተሳቢው ጎማ ከተሠራ 6 ዓመት ያልሞላው መሆኑ ነው። በፍጥነት የሚመጻደቅ ሕዝብ በተሳቢ ላይ ሲደርስ እንዲህ የሚጠነቀቅበት ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ምክንያቱን እኛ ከመጽሐፍ ከመማራችን በፊት በዓይናችን አይተነዋል። በተማሪነታችን ዘመን አንድ የዘመድ ወዳጅ የሆኑ ሹፌር ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ ሲሄዱ በጋቢናቸው ይዘውን ሄደው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የነዱ፣ ከአንድ ቃል በላይ መናገር የማይወዱ ሰው ናቸው። አዋሽን፣ ቀጥሎም ገዋኔን አልፈን ረጅሙ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ስንደርስ ነፋስ ከጎን ይነፍስ ጀመር። የፍጥነት መለኪያው 75 ገደማ ያሳያል። አንድ አውቶቡስ በኃይል ቀድሞን ሲያልፍ ከበስተኋላችን አንድ የመወርወር ስሜት መጣ። ወዲያው ጋቢናው ወደ ግራ ተሳበ፤ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው፣ አራተኛውም ከሦስተኛው የበረታ ነበር። በመስተዋቱ ብናይ ተሳቢው እንደ ተቆጣ በሬ ጅራት ግራና ቀኝ ይማታል።

ጮኸን «ፍሬን!» አልን። እርሳቸው ፍሬን አልነኩም። መሪውንም አልጠመዘዙም፤ ቀጥ አድርገው እንደ ያዙት እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርገው አነሡ፣ ዝም ብለውም ጠበቁ። መለኪያው ወደ 70፣ ወደ 65፣ ወደ 60 ሲወርድ ውዝዋዜው እያነሰ ሄደ፤ 50 ላይ ስንደርስ እንደሌለ ሆነ። ከመንገድ ወጥተው ካቆሙ በኋላ ላባቸውን ጠርገው፣ «ልጄ፣ ፍሬን ይዤልህ ቢሆን ኖሮ እናትህ ዛሬ ታለቅስ ነበር» አሉን። ከዚያም ወርደው ሸራውን ገለጥ አደረጉና ረዳቱን ጠርተው፣ «ማነው እንዲህ የጫነው?» ብለው ጠየቁ።

ጭነቱ እንዲህ ነበር። ከተሳቢው በስተፊት ለሰመራ የሚራገፍ ፍራሽና የፕላስቲክ ዕቃ ተደርድሯል። ከበስተኋላው እስከ ጫፉ ድረስ ሚሌ ላይ የሚራገፍ ሲሚንቶ ተከምሯል። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው፤ ሚሌ ከሰመራ በፊት ስለምትገኝ ሲሚንቶው ለመራገፍ እንዲመች በበሩ በኩል ተጫነ። የጫኑት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም አርቀው ያሰቡ መስሏቸው ነበር። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ከአዲስ አበባ እስከ ሚሌ መካከል ያለውን መንገድ ብቻ ነው!

አሁን ትምህርቱን እንናገር። ተሳቢ ከፊተኛው መኪና ጋር የሚገናኘው በአንድ ማያያዣ ስለ ሆነ እንደ ተንጠለጠለ ሚዛን ግራና ቀኝ የመወዛወዝ ጠባይ አለው። ነፋስ ቢገፋው፣ ጎማው ጉድጓድ ቢያገኝ፣ ትልቅ መኪና በጎኑ ቢያልፍ ይነቃነቃል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን ጎማዎቹ በአስፋልቱ ላይ እየተሹ ውዝዋዜውን ያበርዱታል፤ ሁለት ጊዜ ያህል ተወዛውዞ ዝም ይላል። ፍጥነቱ ከፍ ባለ መጠን ለመብረድ የሚፈጀው ጊዜ ይረዝማል። ከአንድ ወሰን ሲያልፍ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከቀዳሚው እየበለጠ ይሄዳል፣ ጉልበቱንም ከራሱ ከመኪናው ግስጋሴ ይወስዳል። ያ ወሰን በሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ለእያንዳንዱ መኪና፣ ለእያንዳንዱ ተሳቢና ለእያንዳንዱ ጭነት ልዩ ልዩ ነው። ሹፌሩ የሚያውቀው ካለፈው በኋላ ነው።

ወሰኑን ዝቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ክብደትን ወደ ኋላ መጫን ነው። ጎታቹ ከተሳቢው ሲቀል፣ የተሳቢው ጎማ ነፋስ ሲያንሰው፣ ማያያዣው በእርጅና ሲላላ፣ ከባድ ከባዱ ዕቃ በሁለቱ ጫፍ ሆኖ መኻሉ ባዶ ሲቀር እንዲሁ ዝቅ ይላል። አሜሪካኖች ለተሳቢ ቤታቸው ያላቸው ደንብ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ነው፤ ማለት ጭነቱ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። ብሪታኒያውያን ደግሞ ለጀማሪ የሚመክሩት የተሳቢው ክብደት ከጎታቹ መኪና ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። የእኛ አገር ትልቁ ተሳቢ ግን ከፊትም ከኋላም የራሱ ጎማ ስላለው ሸክሙን በጎታቹ ላይ አያሳርፍም፤ ስለዚህ የአሜሪካኖቹን ሒሳብ እንዳለ ወስዶ ለእርሱ መጠቀም አይቻልም። ሆኖም ጭነት ወደ ኋላ ሲከማች የፊተኛው ጎማ አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይል ስለሚያንሰው፣ ውጤቱ ገዋኔ ላይ እንዳየነው ነው።

ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል እንጨምር፤ ምክንያቱም እኛ ራሳችን ተሳስተን የጮኽንበት ነው። ተሳቢው በሚወዛወዝበት ጊዜ የፊተኛው መኪና ድንገት ቢያዝ፣ የኋላው በቶን የሚቆጠር ሸክም መሄዱን አይተውምና ገፍቶት ይመጣል፤ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ ስላልቆመ ከማያያዣው ላይ ታጥፎ ወደ ጋቢናው ጎን ይመጣል። መሪውን እያጠማዘዙ ለማረም መሞከርም የባሰ ነው። አንዱ ውዝዋዜ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ከአንድ እስከ ሁለት ሰኮንድ ያህል ሲሆን፣ የሰው ልጅ አይቶ፣ አስቦ፣ እጁን እስኪያዝ ድረስ ወደ አንድ ሰኮንድ ያልፋል። ስለዚህ ሹፌሩ ወደ ግራ ያረምኩ ሲመስለው ተሳቢው ወደዚያው እየተመለሰ ነው፤ እርማቱ ለውዝዋዜው ተጨማሪ ምት ይሆንለታል። ተሳቢው ለብቻው የሚያዝበት ፍሬን ካለው እርሱን ብቻ በቀስታ መያዝ ይጠቅማል፤ ከኋላ ሆኖ ስለሚጎትት ሰንሰለቱን ቀጥ ያደርገዋል። ይህ ከሌለ እግርን ከነዳጅ አንሥቶ መታገሥ ነው። ሹፌራችን ይህን ሁሉ ከማንም ክፍል አልተማሩትም፤ እኛ ግን ፊዚክስ የተማርን ነን፣ የጮኽነውም እኛው ነን።

ሌላው ድንገተኛ መታጠፍ ነው። በቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። እጁ ጥቂት ሲንቀሳቀስ የጅራፉ ጫፍ እጅግ ሩቅና ፈጣን ሆኖ ይወረወራል። የሹፌሩ ጋቢና አህያ ለማዳን ሲል በፍጥነት ወደ ጎን ገባ ብሎ ቢወጣ፣ ጋቢናው ያልተሰማውን ኃይል የኋለኛው ተሳቢ ይቀበለዋል። ጭነቱ ከፍ ብሎ የተከመረ ከሆነ ፊተኛው መኪና ቆሞ ተሳቢው ብቻ ሊገለበጥ ይችላል። «ፊቱ ደኅና ኋላው ወደቀ» ብለን የምንደነቅበት አደጋ ምሥጢሩ ይኸው ነው። ይህ ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የጨመረ ሹፌር ፍጥነቱን በሲሶ ጨመረ፤ መኪናው የተሸከመውን የግስጋሴ ጉልበት ግን በ78 በመቶ አሳደገው። መንገዱ ላይ የሚያተርፈው ጊዜ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 25 ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ቁጣችን ወደ ሌላ ሰው ይዞራል። ይህን 25 ደቂቃ የሚፈልገው ማነው? ብዙዎቹ የካሚዮን ሹፌሮች የሚከፈላቸው ወይም አበል የሚታሰብላቸው በምልልስ ነው፤ በወር አንድ ምልልስ ያጎደለ ልጆቹ ከሚበሉት ያጎድላል። ባለንብረቱ በየሰዓቱ ስልክ ይደውላል፣ «የት ደረስክ?» ይላል። ከባለንብረቱ በስተጀርባ ደግሞ ዕቃውን የሚጠባበቅ መሥሪያ ቤት አለ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ፣ ምናልባትም ይህን ጋዜጣ የሚያነብ የእኛው እኩያ ተቀምጦ፣ ዕቃው በሦስት ወር ውስጥ መታዘዝ ሲገባው ፋይሉን አሳድሮ፣ በመጨረሻው ሳምንት «በአስቸኳይ ተጓጉዞ እንዲገባ» የሚል ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው መንገድ ላይ ሲደርስ ትርጉሙ ነዳጅ መርገጥ ነው። የደብዳቤው ጸሐፊ በአደጋው መዝገብ ላይ ስሙ አይገኝም።

አብዛኛው የአገራችን የውጭ ንግድ ዕቃ በጅቡቲ በኩል የሚመላለስ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑ ይታየናል። ከወደቡ ተነሥቶ በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰው መንገድ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2000 ሜትር በላይ ይወጣል። ትንንሹ አውቶሞቢልና የሕዝብ አውቶቡስ በዚያው መስመር ከተሳቢው ጋር ይጋፋሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ አዳማ የክፍያ መንገድ መሄጃውንና መመለሻውን ስለ ለያየ፣ ተሳቢ ቢወዛወዝ እንኳ ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ አያገኝም። ከአዳማ ወደ አዋሽ ሲታለፍ ግን ግራና ቀኝ የሚለየው አስፋልቱ ላይ የተቀባው መስመር ብቻ ይሆናል።

ስለ ቁልቁለት ብዙ አንልም፤ ሹፌሮቹ ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ካሚዮን ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያ ሁሉ ጉልበት ሞተሩ ካልያዘው በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ያርፋል፣ የጋለ ፍሬንም አይዝም። «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» የሚለው የሹፌሮች ደንብ የቆየና ትክክለኛ ነው። በጣርማ በር በኩል ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል በዜሮ ማርሽ የሚወርድ ቢኖር ግን እርሱን እኛም ከሌላው ሰው ጋር ሆነን እንፈርድበታለን።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። በየዋናው መንገድ ላይ የከባድ መኪና ሚዛን ጣቢያ እንዳለ ይታወቃል። ሚዛኑ የተተከለው አስፋልቱን ከመጠን በላይ ከሆነ ጭነት ለማዳን ነው፤ መልካም ሥራ ነው። መኪናው በአክስሉ እየተመዘነ ያልፋል፤ ስለዚህ የተሳቢው የፊት አክስል ምን ያህል፣ የኋላው አክስል ምን ያህል እንደ ተሸከመ ቁጥሩ እዚያው ይወጣል። ጸሐፊው ቁጥሩን ከወሰኑ ጋር ያስተያያል፤ ካላለፈ ያሳልፋል። ሁለቱን ቁጥሮች ግን እርስ በርሳቸው የሚያስተያይ ሰው የለም። የኋላው ከፊተኛው እጅግ በልጦ ሲገኝ ጭነቱ ወደ ጅራቱ ማዘንበሉን ያ ወረቀት ይናገራል፤ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፣ ከውጭ አገር የሚመጣ ባለሙያም አያስፈልግም፤ አንድ መቀነስ የሚያውቅ ወጣት ይበቃል። ሕጉ አስፋልቱን የሚጠብቅበትን ያህል ሰውንም እንዲጠብቅ፣ ሚዛን ላይ የሚቀመጡት ሠራተኞች የሁለቱን አክስል ልዩነት አይተው «ጭነትህን አስተካክል» የማለት ሥልጣንም ግዴታም እንዲሰጣቸው እንጠይቃለን። ከዚሁ ጋር በጭነት ሰነዱ ላይ ጭነቱን የደረደረው ኃላፊ ስምና ፊርማ ይግባበት፤ የሹፌሩ ፊርማ ለብቻው አይቁም።

ይህ ንግድን ያዘገያል የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። በርግጥም ያዘገያል። በዚያን ቀን ገዋኔን አልፈን ከመንገድ ዳር፣ በዚያ ሙቀት፣ ሹፌሩ፣ ረዳቱና እኛ ሲሚንቶውን ከረጢት በከረጢት ወደ ፊት ስናመጣና ፍራሹን ወደ ኋላ ስናዞር አራት ሰዓት ያህል ፈጀብን፤ እጃችን ተላጠ። በመካከሉ የባለንብረቱ ስልክ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በሦስተኛው ጊዜ ሹፌሩ አንሥተው፣ «ጭነት እያስተካከልኩ ነው፤ የቸኮለ ይምጣና ይንዳ» ብለው ዘጉት። ያ ሥራ በመጫኛው ሜዳ ላይ ቢሠራ ኖሮ ከግማሽ ሰዓት በላይ ባልወሰደም ነበር።

መልሰን ከተነሣን በኋላ ሹፌሩ በዚያው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሆን ብለው ቀስ በቀስ 75 አደረሱት፤ ነፋሱም አልቆመም ነበር። ተሳቢው ጸጥ ብሎ ተከተለን። ጥቂት ቆይተው ግን ወደ 60 መለሱት። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው፣ «አሁን እንደሚችል አወቅሁ፤ አወቅሁ ብዬ ግን አልሮጥም» አሉን።

ሚሌ ስንወርድ ጠዋት ያለፍንበትን የሚዛን ወረቀት ለማስታወሻ ይስጡን ብለን ለመንናቸው፤ ሰጡን። የተሳቢው የፊት አክስል ከ4 ቶን ጥቂት ያልፋል፤ የኋላው 9 ቶን ተኩል ነው። ከሁለቱ ቁጥሮች በታች «ከወሰን በታች፣ ይለፍ» የሚል ማኅተም አለበት፤ ከማኅተሙም አጠገብ የአንድ ሰው ፊርማ አለ፤ ጽሕፈቱ እጅግ ያማረ ነው።